ለመቅደስ ፀጉር ብርድ ፍለጋ

የሰንበቴ ጓደኞቼ፣ ጉልበታችሁ ዳገት እምቢ ብሏችሁ እንደ ቀራችሁ አውቃለሁ። እኔ ሄጄ ያየሁትን እናንተ ቁጭ ብላችሁ እንድታዩት ይህን ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩት ልጅ ላደርስ ብቻ ነው። መስመሩ ቢንጋደድ እለፉኝ። እግሬ ግን እንደምታውቁት አርፎ አያውቅም።

የሄድኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። የልጅ ልጄን መቅደስን ታውቋታላችሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት ያላት፣ ግማሾቻችሁን ሹሩባ የሠራቻችሁ። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከዚያ ኬሞ የሚሉትን፣ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት፣ ስድስት ጊዜ ትወስጃለሽ ተባለች። የመጀመሪያውን በወሰደች በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ወጣ። የቀረውን ራሷ በመላጫ አነሳችው።

በእኛ አገር ደግሞ ሴት ራሷን ተላጭታ ከታየች ሰው ሞቶባታል ነው። ደንበኞቿ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ «ውይ መቅዲ! ማን ሞተብሽ? ሳንሰማ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። አንዷማ ቁጭ ብላ፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ አልቅሳ ወጣች። ሁለተኛውን መድኃኒት ወስዳ በተመለሰች ሰሞን መቅደስ ፀጉር ቤቱን ቆለፈች።

«እምዬ፣ ሰዉ የራሴን ለቅሶ በቁሜ እየደረሰኝ ነው» አለችኝ። «ሦስተኛውን አልወስድም። በቃኝ።»

ብለምናት፣ ብቆጣት፣ እምቢ አለች። ሐኪሙ መሃል ላይ ማቋረጥ አደገኛ ነው ብሎ ነበር። ሦስተኛው ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር በሆዴ ይዣለሁ። ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቁጭ ብዬ ሐኪሙ ለሌላ ታማሚ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ ውጭ አገር መድኃኒቱ ሲሰጥ ራስ ላይ የቀዘቀዘ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ብርዱ የፀጉሩን ሥር ያተርፈዋል፣ እኛ ጋ ግን ኮፍያው የለም አለ። እኔም በልቤ፣ የሌለው ኮፍያው እንጂ ብርዱማ ደብረ ብርሃን ሞልቷል፣ አልኩ። ፀጉሩ ቢረግፍም ሥሩ ይተርፍልኛል፣ ልጄም ይኼን ስታይ ልቧ ይመለሳል ብዬ። ለእሷ ያልኳት ግን ሌላ ነው። «ነይ፣ የግሼን መንገድ ጓደኛዬን እትዬ ዘነበችን እንጠይቅ። አንኮበር ናት፤ አየር ትቀይሪያለሽ።»

ሐሙስ። ከሸዋ ሮቢት በጠዋቱ ሚኒባስ ተነሳን። አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርትና አንድ ዘንቢል ማንጎ ለስጦታ ይዣለሁ። ጥቅምት ነውና እኛ ጋ ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው፤ ሾፌሩ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ዘፈኑን ለቆ ይነዳል። ትንሽ እንደ ሄድን የመቅደስ ነጠላ ከራሷ ተንሸራተተ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየና ዘፈኑን ጸጥ አደረገው። ከኋላ ያለ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አለ።

«ማንም አልሞተም!» አለች መቅደስ። «ዘፈኑን ክፈተው!»

ሾፌሩ ግራ ገብቶት ከፈተው፤ ግን ዝቅ አድርጎ።

ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። አንዷ የመቅደስን ራስ አየችና ቆሎዋን ትታ እጇን ያዘቻት። «የኔ እህት፣ ባልሽ ነው?» መቅደስ መልስ ሳትሰጥ ፊቷን አዞረች። ሴትዮዋ ዝምታዋን ሐዘን አድርጋው ቆሎ በእፍኝ ጨልፋ ጉያዬ ውስጥ ጨመረችልኝ፤ ሒሳብ ብላትም አልቀበልም አለች። ቆሎው ጣፋጭ ነበር፤ መቅደስ ግን አንድ ፍሬ አልቀመሰችም።

ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ እንደ ድሪ ይጠማዘዛል። ጭጋጉ እስከ ጎማው ወርዶ፣ ተራራውን የበሳውን የመኪና ዋሻ አልፈን ስንወጣ አገሩ ሌላ ሆነ። እኛ ጋ አየር ይከብዳል፤ እዚያ ይናከሳል። ደስ አለኝ! መስኮቱን ከፈትኩና የመቅደስን ነጠላ እንደ ዘበት ሳብ አደረግሁት።

«እማማ፣ ዝጉት እንጂ!» አለ አንዱ። «እኛም እኮ ነፍስ አለን!»

«ለጤና ነው» አልኩ። እውነቴን ነው።

ደብረ ብርሃን የተቀበለችን የእትዬ ዘነበች ልጅ ትዕግሥት ናት። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ አባቷ የአንኮበር ቄስ ናቸው። ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤቷን ለቀቀችልንና እሷ ጎረቤት ሄዳ አደረች። ሮቢት በዚህ ወራት አልጋ አውጥተን ግቢ ነው የምንተኛው። እዚህ ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ አለበሰችን፤ ክብደቱ እንደ በግ መንጋ ነው። እኔ በየሰዓቱ እየነቃሁ ከመቅደስ ራስ ላይ እገልጣለሁ፤ እሷ በእንቅልፏ ትጎትታለች።

ዓርብ። ሲነጋ ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ የተረሳው ውሃ ቆዳ አውጥቷል። በጣቴ ብነካው ኳ አለ። ሮቢት ሆኜ ብነግራችሁ ማን ያምነኛል?

ከሰዓት ገበያ ወጣን። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ካምፕ የሚኖሩ ሴቶች በአንድ ወገን ተቀምጠው የሱፍ ሹራብና ኮፍያ ይሸጣሉ። አንዷ መቅደስን ቀና ብላ አየቻት። ማን ሞተብሽ አላለችም። ከሥራዋ ላይ መርፌዋን ነቅላ፣ ቀይ ኮፍያ አንስታ፣ ተነሥታ ራሷ ላይ አጠለቀችላት። «እኛም ከሙቅ አገር ነው የመጣነው። መጀመሪያ የሚበርደው ራስ ነው» አለች። ከፍለን ተመለስን። ከሐሙስ ወዲህ መቅደስ ፈገግ ስትል ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ይኼ ኮፍያ ሥራዬን ሊያበላሽብኝ ነው፣ እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ። ሦስታችንም ወደ አንኮበር በአውቶቡስ። ትዕግሥት ቅዳሜና እሑድ ወላጆቿ ጋ ናት። ገብሱ ወደ ቢጫ እየሄደ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ ልክ እንደ እኛ የእርሻ አራሚዎች። መሃል ላይ ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ወርደን ስንመለስ፣ አንድ ሰው የገብስ ጆንያ ማንጎዬ ላይ ጭኖበታል። ጭማቂው ወርዶ ከፊት የተቀመጡት ቄስ ነጭ ጋቢ ላይ ደረሰ። እኔ አፈርኩ፤ ቄሱ ጋቢያቸውን አሽትተው፣ «የሰማሁት እንጂ የበላሁት ፍሬ አልነበረም» አሉና ሳቁ። ያልተጨፈለቀውን ፈልጌ ሰጠኋቸው። አንኮበር ስንወርድ ነው ትዕግሥት፣ «አባቴ እኮ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ ነው፣ ዝም ብዬ ሳያችሁ ነበር» ያለችኝ። አይ የዛሬ ልጅ!

እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆማ ነበር። ከግሼን ወዲህ አልተያየንም፤ ተቃቅፈን ጉንጫችን እስኪቀላ ተሳሳምን። የገብስ ገንፎ አቀረበች፤ እኛ ጋ ገንፎ የአራስ ነው፣ እዚያ የብርድ መከላከያ ነው። ሽንኩርቴን ስታይ፣ «ይኼ ሁሉ ራስ!» ብላ በእጇ መዘነችው። የመቅደስን ሕመም ነገርኳት፤ ትልቁን የገንፎ ድርሻ ወደ እሷ ገፋችው።

እሑድ። ቅዳሴ ከመግባታችን በፊት፣ ገና ውርጩ ሳይነሣ፣ መቅደስን ቀሰቀስኩ። ደጅ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። «ፀሐይ ስትወጣ እንይ፤ ኮፍያሽን አውልቂ፣ ጸሎት ነው» አልኳት። ብቻዋን እንዳትሆን እኔም ሻሼን ፈታሁ። ገደሉ ሥር ያለው ቆላ እስከ አሊዩ አምባ ድረስ ጭጋግ ለብሷል። ሁለታችንም ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። ትዕግሥት በሩን ከፍታ ወጣች።

«እማማ! ምን እየሠራችሁ ነው?»

ከቄስ ልጅ ፊት መዋሸት ከበደኝ። የኮፍያውን ነገር፣ የመተላለፊያውን፣ ሁሉን ተናገርኩ። ትዕግሥት ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። መቅደስ ግን አፏን ከፍታ አየችኝ።

«ለዚህ ነው መስኮት ስትከፍቺ የከረምሽው? ብርድ ልብሴንም የምትገልጪው አንቺ ነሽ!»

«ሥሩ እንዲተርፍልሽ ነው» አልኩ። ትዕግሥት ሳቋን አቆመች። ወደ ውስጥ አስገብታን፣ ምድጃው ጋ አስቀመጠችን፤ ከማዳበሪያዬ አንድ ሽንኩርት አንሥታ ለሁለት ሰነጠቀች።

«የፀጉር ሥር ከቆዳ በታች እንዲህ ያበጠ ነው» አለች። «ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሥራ አይፈቱም። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። አዲሶቹ አሮጌዎቹን ወደ ላይ ይገፏቸዋል፤ ተገፍተው የደረቁት ናቸው ፀጉር የምንላቸው።»

«ስንት ዓመት ስጎነጉነው አላውቀውም ነበር» አለች መቅደስ።

«እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ። ሕዋሱ ሁለት ሊሆን ሲል ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር መገልበጥ አለበት፤ እንደ ቁም ጸሐፊ። ካንሰር ያለ ማቋረጥ የሚገለብጥ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ገልባጩን እየፈለገ ብራናውን ይቀድበታል። ችግሩ፣ የፀጉርሽም ሥር ፈጣን ገልባጭ ነው። መድኃኒቱ ሁለቱን መለየት አይችልም።»

«ዕውር አራሚ በይኛ» አልኩ። «የበቀለውን ሁሉ የሚነቅል።»

«ልክ ነው እማማ። ከዚያ ሕዋሱ ውስጥ አንድ ዘበኛ አለ፤ ፒ ሃምሳ ሦስት የሚባል ፕሮቲን። ብራናው መቀደዱን ሲያይ፣ ቁም ይላል። የሚጠገን ከሆነ ይጠገናል። የማይጠገን ከሆነ ግን፣ የተበላሸው ጽሑፍ እንዳይባዛ፣ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። ብዙዎቹ ሲሞቱ ሥሩ ይመነምናል፤ ፀጉሩም ይቀጥናል፣ ይበጠሳል።»

«ምነው ጨከነ!» አልኩ።

«ታማኝ ስለሆነ ነው። ብዙ ካንሰር ውስጥ እኮ ይህ ዘበኛ ተበላሽቷል፤ ቁም የሚል የለም።»

መቅደስ ሽንኩርቱን ከእጇ ተቀበለቻት። አገላብጣ አየችው።

«ቆይ» አለች። «እንግዲያ ፀጉሬ የረገፈው ዘበኛው ጤነኛ ስለሆነ ነው?»

«አዎ። ሥራውን ስለሠራ ነው።»

ምድጃው ይንጣጣል። መቅደስ እጇን ራሷ ላይ አደረገች፤ ከተላጨች ወዲህ ሰው ፊት ስትነካው አይቼ አላውቅም።

«ቅንድቤስ ለምን ሳይረግፍ ቀረ?»

«የራስ ፀጉር አብዛኛው ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ የቅንድብ አብዛኛው ያርፋል። መድኃኒቱ በይበልጥ የሚመታው ሥራ ላይ ያገኘውን ነው። እየቆየ እሱም ሊሳሳ ይችላል፣ እንዳትደነግጪ።»

«ተመልሶስ ይበቅላል?»

ትዕግሥት በቢላዋው ጫፍ ከሽንኩርቱ ራስ ከፍ ብሎ ያለውን ጎን ነካች። «እዚህ አካባቢ ትንሽ ጎተራ አለች። ውስጧ የተኙ ሕዋሳት አሉ፣ እንደ ዘር ናቸው። የተኛ አይገለብጥም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ብዙም አያገኘውም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ይነቁና ሥሩን መልሰው ይሠሩታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ሳስቶ ይቀራል፤ ለብዙው ግን ይመለሳል። መጀመሪያ ከርዳዳ ወይ ሽበት ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ቀለም ሰጪዎቹ ሕዋሳትም ስለሚደነግጡ።»

«ሉጫው ፀጉሬ ከርዳዳ?» አለች መቅደስ። «ለራሴ የፀጉር ማስተኛ ካስክ አላስከፍልም!»

እኔ ግን ብርዴን አልረሳሁም። «የኮፍያው ነገር ውሸት ነው?»

«እውነት ነው እማማ። ግን የሚታሰረው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሲንጠባጠብና ካለቀም በኋላ ለሰዓታት ነው። ቅዝቃዜው የራስ ቆዳን የደም ሥር ያጠብበዋል፤ እናንተ ሽንኩርት ስታጠጡ ቦይ እንደምትዘጉት፣ ወደ ሥሩ የሚደርሰው መድኃኒት ያንሳል። ሥሩም ይደነዝዛል። እንዲያም ሆኖ ለሁሉም አይሠራም። የአንኮበር ብርድ ግን ጥቅም የለውም። ደግሞ መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳትም ስለሚመታ፣ መቅዲ መሞቅ ነው ያለባት። ቢያተኩሳት ወዲያው ሆስፒታል ነው።»

ቀዩን ኮፍያ በገዛ እጄ አጠለቅኩላት። ከዚያ አነጠስኩ። ጉንፋኑ የያዘው እኔን ነበር፤ እሷ እግዜር ይመስገን ደኅና ናት። እስክንመለስ ድረስ አፌን ሸፍኜ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ነፋስ መጣ። አንኮበር ነፋሱ ከገደል ነው የሚነሣው። ነጠላዋንም ኮፍያዋንም አንድ ላይ ገፎ ወሰዳቸው፤ ነጠላውን ትዕግሥት ሮጣ ያዘችው፣ ኮፍያውን የደጀ ሰላሙ አጥር ያዘልን። ደጁ ላይ የቆሙት ሴቶች ሁሉ አዩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔም አለፈ ብዬ ተጽናናሁ።

ምሳ በልተን ሳንነሣ ሴቶች በተርታ ገቡ። ሰባት ናቸው። መሶብ፣ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ በቁና፣ ጠላ በእንስራ። እዝን ይዘው ነው! ሐዘንተኛ እንግዳ ሆና መጥታለች፣ ብቻዋን አትተክዝ ብለው። መሪያቸው እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ ጎበጥ ያሉ ባልቴት ናቸው። ገና በር ላይ፣ «እኔን! እኔን ልጄ!» ብለው ጀመሩ።

የመቅደስን ፊት አየሁ። ፀጉር ቤቱን የቆለፈች ቀን ያየሁት ፊት ነበር። ልነሣና ላስረዳ ስል ግን ቀድማኝ ተነሣች። ነጠላዋን ራሷ አወረደችው።

«እናቶቼ፣ ተቀመጡ» አለች። «ማንም አልሞተም። የሞተው ፀጉሬ ነው፤ እሱም እንዴት እንደ ሞተ ልንገራችሁ።»

የተሰነጠቀውን ሽንኩርት አመጣች። የሰማችውን ሁሉ፣ ገልባጩን፣ ዘበኛውን፣ ጎተራዋን፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ትዕግሥት ጥግ ላይ ቆማ፣ ለማስተካከል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገባችው። ሴቶቹ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«ስለዚህ ተኝተዋል?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ተኝተዋል።»

«አልሞቱም?»

«አልሞቱም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዳቦ ለማን ነው የተሸከምነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳቦው ተመልሶ አልሄደም፤ ያለ ሟች በላነው። ቄሱም ከውስጥ ወጥተው ባረኩት። የእዝን ንፍሮ እንደዚያ ሲጣፍጥ አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ሲሄዱ መቅደስ ወደ እኔ ዞረች።

«ቀጠሮው ማክሰኞ ነው አይደል?»

«ማክሰኞ ነው» አልኩ።

ሰኞ። በጠዋት ስንነሣ እትዬ ጥሩነሽን በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ለመቅደስ ሰጧት። ሚዶ ነው፤ ከአሊዩ አምባ ገበያ ለልጅ ልጃቸው የገዙት፣ እንጨቱ ገና የሚሸት።

«እትዬ፣ ምን ላበጥርበት?» አለች መቅደስ ራሷን እያሳየች።

«ሲነቁ ነዋ። እስከዚያ ይዘሽው ቆይ።»

ፀጉር ቤቷ ውስጥ ስንት የፕላስቲክ ማበጠሪያ አላት መሰላችሁ! ይኼን ግን ጥርሱን በአውራ ጣቷ እየደባበሰች ይዛው መጣች። ደብረ ብርሃን ከትዕግሥት ተሰነባብተን ወደ ሮቢት መዞሩን ትተን ወደ አዲስ አበባ ቀጠልን። ጫጫ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። አንዲት ሴት ገብታ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «ውይ፣ ማን ሞተብሽ?» አለቻት። መቅደስ ሳቀች። «መንገዱ ረጅም ነው፣ ልንገርሽ» አለች። አዲስ አበባ እስክንገባ ሽንኩርቱ በወሬ ተሰነጠቀ።

ማክሰኞ። ነርሷ የደም ምርመራዋን አየችና ይሆናል አለች። መድኃኒቱ መንጠባጠብ ሲጀምር መቅደስ ሚዶውን ከቦርሳዋ አውጥታ ትራሱ አጠገብ አደረገችው። በወዲያኛው አልጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ፣ «ምን ልታደርጊበት ነው?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ አነጠስኩና በጉንፋኔ ምክንያት ከክፍሉ አስወጡኝ። ግን ሁለቱ ሲስቁ በበሩ መስታወት አይቻለሁ።

ይኸው እንግዲህ ስድስቱም አለቁ። ፀጉር ቤቱ እንደ ተከፈተ እናንተም ታያላችሁ። ቅንድቧም በሕክምናው መሃል ሳስቶ ነበር፤ ትዕግሥት እንዳለችው ነው ብላ አልደነገጠችም። ትናንት ማታ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ሚዶውን አምጥታ እጄ ላይ አደረገችና፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ልጅ ሆና ትቀመጥ እንደነበረው። አንገቷ ሥር እንደ ሽንኩርት መደብ ገና ብቅ ያለ፣ ሲነኩት ብቻ የሚታወቅ ነገር አለ። ሚዶው የሚይዘው አላገኘም። እኔም ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ ቀስ ብዬ አበጠርኳት።